ስማቸው የጠፋ ሰባት ከረጢቶች

ሬድዋን ቀበቶውን ፈትቶ፣ ጫማውን አውልቆ፣ በጅማ አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ በካልሲ ተሰልፎ ሳለ ከፊቱ የነበሩት የዩኒቨርሲቲ መምህር ስለ ማር ይከራከሩ ነበር። አዲስ አበባ ላለች እህታቸው አንድ ኪሎ ነጭ ማር ይዘዋል። ፈታሹ "ማር ፈሳሽ ነው፣ በእጅ አይገባም" አላቸው። መምህሩ ረጋ ብለው፣ ባለፈው ወር ይህንኑ ዓይነት ማር በዚሁ በር ይዘው እንዳለፉ፣ አሁን ከእሳቸው ቀድማ የገባችው ሴትም ሁለት ኪሎ ቅቤ ይዛ እንዳለፈች አስረዱ።

"ቅቤ ሌላ ነው" አለ ፈታሹ። እንዴት ሌላ እንደሆነ ግን አላብራራም። ማሩ ቀረ።

ሬድዋን ይህን ሲሰማ ሳይታወቀው የያዘውን ሻንጣ ጠበቅ አደረገ። ሻንጣው ውስጥ ሰባት የወረቀት ከረጢቶች አሉ። እያንዳንዳቸው ግማሽ ኪሎ ያልተቆላ ቡና ይዘዋል፤ በአጋሮ ዙሪያ ካሉት የማኅበሩ አባል ገበሬዎች ውስጥ በዓመቱ ምርት ልቀው የተገኙ የሰባት ሰዎች ቡና ነው። አዲስ አበባ ላይ የሚደረገው የጥራት ውድድር ምዝገባ በማግስቱ ስድስት ሰዓት ይዘጋል። ገበሬዎቹ ይህን ቀን ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት ነው የኖሩት።

ከኋላው እትዬ ብርሃንነሽ ቆመዋል። የማኅበሩ ቡና ቀማሽ ናቸው። በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አጋሮ በአንድ የቡና መጋዘን ለቃሚ ሆነው ገቡ፤ እንከን ያለባትን ፍሬ ከደህናዋ ሲለዩ ዓይናቸው የማይስት መሆኑን ያየ ሰው ወደ ቅምሻ ክፍል አስጠጋቸው፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናቸው። ሬድዋን የጅማው ገበያ ሰፈር፣ የሄርማታ ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ጅማ ኮሌጅ ጨርሶ ከእሳቸው ሥር ሲመደብ ቅምሻ ቀላል መስሎት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ወራት ግን ምንም ቢያቀምሱት ምላሱ ላይ ቡና ቡና ብቻ ይለው ነበር። እሳቸው አንድም ቀን አልሳቁበትም። "ምላስህ ገና አልነቃም፤ ይነቃል" ብለው ሌላ ሲኒ ይቀዱለታል።

ናሙናውን በእጅ የሚይዙት ወደው አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት በጭነት ልከውት ሁለት ቀን ዘግይቶ ሲደርስ ቡናው ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር። በእጅ መያዝም ቢሆን የራሱ ጣጣ አለው። ታኅሣሥ ላይ ሲያልፉ ማንም ምንም አላላቸውም። ጥር መጀመሪያ ላይ ቡናው አልፎ የመቅመሻው ማንኪያ ተያዘ፤ "ብረት ነው" ተባለ። ጥር መጨረሻ ላይ ደግሞ ማንኪያው አልፎ ቡናው ተያዘ፤ "ጥሬ ፍሬ የሚሄደው በጭነት ነው" ተባለ። ሬድዋን ያን ቀን አለቃ አስጠርቶ፣ ግማሽ ሰዓት ተሟግቶ ነው ያሳለፈው። ሲመለሱ ደግሞ ያው ዕቃ አዲስ አበባ ላይ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። ዛሬ የካቲት ነው፤ ዛሬ ምን እንደሚባል የሚያውቅ የለም።

ሻንጣው በማሽኑ ውስጥ አለፈ። ከማዶ የቆመው የፈረቃው አለቃ ስክሪኑን አየና "ቡና ነው፣ ይለፍ" አለ። ሬድዋን ተንፈስ ብሎ ጫማውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ፈረቃው ተቀየረ። የመጀመሪያው አለቃ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ በቦታው ሌላ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰው ቆመ።

"ይህን ማነው ያሳለፈው? ይከፈት።"

ጠረጴዛው ላይ ያለችው ፈታሽ ጊፍቲ የምትባል ወጣት ናት፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ሻንጣውን ከፍታ ከረጢቶቹን ደረደረች። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ፣ ከቡናው በላይ፣ የገበሬው ስም የተጻፈባት ትንሽ ካርቶን ተቀምጣለች። እትዬ ብርሃንነሽ ሙጫም ሆነ የማርከር ቀለም ቡና አጠገብ እንዲደርስ አይፈቅዱም፤ ቡና ያገኘውን ሽታ ሁሉ ስለሚስብ።

"ወረቀቱ ለብቻ፣ ቡናው ለብቻ ይታይ" አለ አለቃው።

"የእኔ ጌታ፣ ወረቀቶቹ የሰው ስም ናቸው" አሉ እትዬ ብርሃንነሽ። "ከወጡ የማን ቡና የማን እንደሆነ አይታወቅም።"

"አንድ በአንድ ባደርገውስ?" አለች ጊፍቲ።

"ሰው ተሰልፏል እኮ። ሁሉንም አውጪ።"

ካርቶኖቹ በአንድ ሳጥን፣ ከረጢቶቹ በሌላ ሳጥን ሆነው እንደገና በማሽኑ ገቡ። ሲወጡ አንዱ ከረጢት ተንጋዶ፣ ሌላው ወደ ኋላ ተንሸራቶ፣ ቅደም ተከተላቸው ተበላሽቷል። ካርቶኖቹ እንደ ካርታ ተበውዘዋል።

ሬድዋን በካልሲው ወደ አለቃው ተጠጋ። "ባለፈው ወር ማንኪያ ያዛችሁ፤ ከዚያ ቡና ያዛችሁ፤ አሁን ደግሞ አንዱ አለቃ ይለፍ ሲል ሌላው ይከፈት ይላል። ሕጉ የትኛው ነው? የት ነው የተጻፈው?"

"ሕጉ ይታይ ነው የሚለው፤ ታየ፣ አለፋችሁ" አለ ሰውየው። ቁጣም አልነበረበትም፤ ዓይኑ ቀድሞውኑ ቀጣዩ ሻንጣ ላይ ነበር።

የመጨረሻው የመሳፈሪያ ጥሪ ተሰማ። እትዬ ብርሃንነሽ ሬድዋንን ክንዱን ያዝ አደረጉት። "በቃ። ጫማህን አድርግ።"

ጊፍቲ የሰባቱንም ከረጢት አፍ ሁለት ሁለት ጊዜ አጠፈችና ካርቶኖቹን በላስቲክ አሥራ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። "አዮ፣ ይቅርታ" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ገለቶሚ፣ ልጄ" አሏት እሳቸው፣ እናት ብላ የጠራቻቸውን ልጅ በራሷ ቋንቋ አመስግነው።

አውሮፕላኑ ተነስቶ የጊቤን ሸለቆ ሲሻገር ሬድዋን አላስቻለውም። "እትዬ፣ ለምን ዝም አሉት? የሰባት ሰው ልፋት እኮ ነው የበተነው።"

"ብጮኽ ካርቶኖቹ ተመልሰው ይገቡ ነበር?"

"ቢያንስ ጥፋቱን ያውቅ ነበር።"

"የእኔም ጥፋት አለበት" አሉ እሳቸው፣ መስኮቱን እያዩ። "ስሙን ከውጭ በክር ማሠር ይቻል ነበር። ሠላሳ ዓመት ስሠራ ይህን አላሰብኩም።" ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። "ቡናው አልጠፋም። ስሙ ነው የጠፋው። ስሙን እንፈልጋለን።"

ሬድዋን ገርሞት አያቸው። እሱ ከሰውየው ጋር የሚጨርሰውን ክርክር በሐሳቡ ሲያዘጋጅ፣ እሳቸው ሥራ ጀምረዋል።

አዲስ አበባ እንደደረሱ በቀጥታ የሄዱት ጎተራ አካባቢ ወዳለው የወይዘሮ የኔነሽ ቅምሻ ክፍል ነው። የኔነሽ የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ናት፤ ቡና ላኪዎችን ታማክራለች። የሆነውን ስትሰማ ሌላ ምንም ሳትጠይቅ ጠረጴዛዋን ጠራርጋ፣ ትንሿን የናሙና መቁያ ለኮሰች።

እትዬ ብርሃንነሽ መጀመሪያ ቡናውን በጥሬው ጥቁር ትሪ ላይ ዘረገፉት። ከእያንዳንዱ እፍኝ እፍኝ። ለሬድዋን ወረቀት ሰጡትና "አንተ ቀድመህ ጻፍ፣ አታሳየኝ" አሉት። እሱ ሲጨርስ ቀረቡ። በጣታቸው ጫፍ ፍሬዎቹን እየገፉ አንዱን አነሱ።

"ይህ የአብተው ነው። መፈልፈያው አርጅቷል፤ ይኸው ፍሬውን እዚህ ጋ ይጭረዋል። አስተካክል ብዬው ነበር።"

ሁለተኛውን በፍሬው ትልቅነት፣ ሦስተኛውን በጠርዙ ንጣት ለዩት፤ ባለቤቱ የሰርግ ሰሞን ሆኖበት ቡናውን ከማድረቂያ አልጋው ሳያወርድ ሁለት ቀን እንዳሳለፈ አስታውሰዋል። የእያንዳንዱን ገበሬ ቤት፣ የማድረቂያ አልጋውን አቅጣጫ፣ ዝናብ የመታበትን ቀን ሁሉ ያውቃሉ። ሬድዋን ቡና ብቻ የሚቀምሱ ይመስለው ነበር፤ ሰዎቹንም ጭምር እንደሚያውቁ የገባው ያን ቀን ነው።

ቀሪዎቹ አራቱ ተቆሉ፣ ተፈጩ፣ ፍል ውሃ ተደረገባቸው። እሳቸው በማንኪያ ጨልፈው ፉት ሲሉት ድምፁ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። አንዱን ሲኒ ሁለቴ ቀምሰው "የብርቱካን ልጣጭ" አሉና ካርቶኑን አጠገቡ አኖሩ። ሌላውን አንዴ ብቻ ቀምሰው ፈገግ አሉ፤ ኮክ ኮክ የሚለውን ይህን ቡና ሬድዋንም ለይቶት ነበር። ወረቀቱን ሲያዩለት ከአምስቱ አራቱን በትክክል ጽፏል። "ነቅቷል" አሉ ስለ ምላሱ፣ በዓይናቸው ብቻ እያመሰገኑት።

የቀሩት ሁለት ናቸው፤ የጀቤሳ እና የዙህራ።

ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ማሳቸውን የሚለያቸው አንድ ትንሽ ጅረት ነው፤ ችግኙንም ከአንድ ቦታ ነው ያመጡት። እትዬ ብርሃንነሽ ትኩሱን ቀመሱ፤ ሲቀዘቅዝ ቀመሱ፤ እንደገና አስቆልተው ቀመሱ። ከቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተጠጋ። በመጨረሻ ማንኪያውን ውሃው ውስጥ አኑረው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"አላውቅም" አሉ።

ሬድዋን ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቶ አያውቅም።

የኔነሽ ፊታቸው ተቀመጠች። "ብርሃኔ፣ ከሁለት አንዱ ነው እኮ። እኩል የሚጣፍጡ ከሆነ ማን ይጎዳል? ስም ስጪያቸውና አስገቢ። የሚያውቅ የለም።"

ሬድዋን በሐሳቡ ተስማማ። አምስቱን አውቀዋል፤ ይህም ተአምር ነው። ሁለቱን ቢገምቱ ማን ይፈርድባቸዋል?

እትዬ ብርሃንነሽ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዙህራ ያን ቡና አልጋ ላይ ከእሷ ሌላ ሰው አላስነካችም። ጠዋትና ማታ በእጇ እያገላበጠች ነው ያደረቀችው። በጀቤሳ ቡና ላይ ስሟን ለጥፌ ብትሸለም፣ ደስ ብሏት ስታቅፈኝ ምን ላደርግ ነው? እሱስ ልፋቱን በሰው ስም አስረክቤበት ቤቱ ገብቼ እንዴት ምሳ እበላለሁ?"

ከዚያ ስልካቸውን አንስተው ደወሉ። መጀመሪያ ለጀቤሳ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰምተው "ማል ጎና እንግዲህ፣ ምን እናደርጋለን፤ እርስዎ ያሉት ይሁን" አሉ።

ቀጥሎ ለዙህራ። ዙህራ አዳመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። "እትዬ፣ የእኔ ቡና ከጀቤሳ ቡና እኩል ነው ማለት ነው?"

"በእኔ አፍ እኩል ነው።"

"ወላሂ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ ነው የምናገረው" ብላ ሳቀች። እሳቸውም ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ማኅበሩ መጋዘን ውስጥ ከእያንዳንዱ ቡና መጠባበቂያ ናሙና አለ፤ ስሙም የማያጠራጥር ነው። ጭንቁ እንዴት ይምጣ ነው። አውቶቡስ ጠዋት ቢነሳ በሰኮሩ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው ከምዝገባው በኋላ ነው። የቀረው የጠዋቱ አውሮፕላን ብቻ ነው። ሬድዋን መጋዘን ጠባቂው ይዞ ይምጣ ሊል ሲል የእትዬ ብርሃንነሽ ስልክ ጮኸ። ጀቤሳ ነበሩ።

"እኔው ይዤ እመጣለሁ" አሉ። "የእኔም አለበት፣ የጎረቤቴም አለበት። አውሮፕላን ወጥቼ አላውቅም፤ ከወጣሁ ግን በዚህ ልውጣ።"

እትዬ ብርሃንነሽ ስልኩን ለሬድዋን አቀበሉት። "ፍተሻው ላይ ምን እንደሚያደርጉ አስረዳቸው። ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ።"

ሬድዋን መጀመሪያ አፉ ላይ የመጣው "አያስነኩ፣ ይከራከሩ" የሚል ነበር። ዋጠው። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራቸው። ስሙ ከከረጢቱ ውጭ በክር ይታሠር። ዕቃው ማሽኑ ላይ ሳይቀመጥ በፊት፣ ለፈታሹ ቡና መሆኑን ራሳቸው ቀድመው ይናገሩ። ይከፈት ከተባለ እሺ ይበሉ፣ ግን አንዱ ታይቶ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት ይለምኑ። ሲጨርስ እትዬ ብርሃንነሽ ከእሱ ራቅ ብለው ሲኒ እያጠቡ ነበር፤ ሁሉንም ግን ሰምተዋል።

በማግስቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጀቤሳ አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ከመንገደኛው ሁሉ ኋላ ወጡ። ንጹሕ ነጭ ኮፍያ አድርገዋል። ሻንጣ የለም፤ ሁለቱን ከረጢቶች እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

"አውሮፕላኑ ውስጥ ማስቀመጫ ሰጥተውኝ ነበር፤ ላስቀምጠው ግን አላመንኩም" አሉ፣ መኪና ውስጥ ገብተው እፎይ ሲሉ። "ያቺ የነገራችሁኝ ልጅ ነበረች። ቡና ነው ስላት ገና 'ከአጋሮ ነው? የትናንቷ እናት?' አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ባለ መነጽሩ መጣና ሁለቱም ይከፈት አለ።"

"ከዚያስ?" አለ ሬድዋን። ድምፁ ውስጥ የትናንቱ ንዴት ተመልሶ ነበር።

"ከዚያማ ልጅቱ 'ቶሌ፣ እሺ፣ ይከፈታል፤ ግን አንድ በአንድ ነው የምከፍተው' አለችው። 'ሰልፉ ይቆማል' አላት። 'ይቁም፤ ትናንት የሰው ስም አቀላቅያለሁ፣ ዛሬ አልደግመውም' አለችው። ጮክ ብላ አይደለም፤ እንዲሁ፣ ልክ እኔ አሁን እንደማወራችሁ። ሰውየው ቆሞ አያት። ከዚያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አንዱን ከረጢት ራሱ ያዘላት። እሷ የእኔን አይታ እስክትዘጋ የዙህራን ይዞ ቆመ።"

ሬድዋን ከትናንት ጀምሮ ለዚያ ሰውዬ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ አሁን የትኛውን ቃል የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ልጅቱን አሰበ። ገና የጀመረችው ሥራ ነው፤ አለቃዋ ነው፤ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። እሱ ትናንት የጮኸው እንደ እሷ የሚያጣው ነገር ሳይኖረው ነበር።

እትዬ ብርሃንነሽ ከፊት ወንበር ዞር አሉ። "ጀቤሳ፣ በረራውስ እንዴት ነበር?"

"ጊቤን ከላይ አየሁት" አሉ ጀቤሳ። "ቀጭን ነው።"

ምዝገባው ጋ የደረሱት አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነው። መዝጋቢዋ ሰባቱንም ከረጢቶች መዝና፣ ስሙን ከዝርዝሯ አመሳክራ፣ ማኅተም አደረገችባቸው። የአምስቱ ስም በእትዬ ብርሃንነሽ አፍ የተመለሰ መሆኑን ግን አልደበቁም፤ መጠባበቂያው ሲመጣ ይመሳከር ብለው አስመዘገቡ። በሳምንቱ ከአጋሮ የተላከው መጠባበቂያ በውድድሩ ሰዎች ሲመሳከር አምስቱም ልክ ነበሩ። ከዳኞቹ አንዱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው፣ እትዬ ብርሃንነሽን አይተው ለመጨበጥ ብቻ ብለው አጋሮ ድረስ መጡ።

ውጤቱ ሚያዝያ ላይ ወጣ። ከሰባቱ ሦስቱ ለመጨረሻው ዙር አለፉ፤ ጀቤሳና ዙህራ ሁለቱም ነበሩበት። የሁለቱ ነጥብ ልዩነት ሩብ ነጥብ ነው፤ ዙህራ በለጠች። ጀቤሳ በቀጣዩ ጁምዓ ከመስጊድ ሲወጡ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ የእሷን ቡና በአውሮፕላን ተሸክመው የወሰዱት እሳቸው መሆናቸውን እየተናገሩ ዋሉ።

ሬድዋን ለአውሮፕላን ማረፊያው አስተዳደር ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት ገጽ ሙሉ ነበር፤ ማንኪያው፣ ቡናው፣ ማሩ፣ ቅቤው፣ ሁሉም ገብቶበታል። እትዬ ብርሃንነሽ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት።

"እውነት ነው፤ አንድም ውሸት የለበትም" አሉ። "ግን ይህን የሚያነበው ሰው ሲጨርስ ምን እንዲያደርግ ነው የምትፈልገው?"

ሬድዋን አሰበ። "በእጅ የሚያልፈውና የማያልፈው ዝርዝር በሩ ላይ ይለጠፍ። በአማርኛም በኦሮምኛም። ማንም ፈረቃ ቢገባ የማይለወጥ።"

"እሱን ጻፍ።"

ደብዳቤው ግማሽ ገጽ ሆኖ ተጻፈ። መጨረሻው ላይ እትዬ ብርሃንነሽ አንድ አንቀጽ አስጨመሩ፤ ጊፍቲ የምትባል ሠራተኛ ሥራዋን በጥንቃቄ እንደሠራች፣ የፈረቃው አለቃም እንደተባበራት የሚገልጽ። ሬድዋን የአለቃውን ነገር ሲጽፍ እጁ ትንሽ ዘገየ፤ ግን ጻፈው።

መልስ ለመምጣት ሁለት ወር ፈጀ። ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ በትልቅ ሰሌዳ ሳይሆን በአንድ ወረቀት፣ ፕላስቲክ ውስጥ ገብቶ። ያልተቆላ ቡና "በናሙና መጠን ይፈቀዳል" ይላል፤ የናሙና መጠን ስንት እንደሆነ ግን አይልም። ሬድዋን ሲያየው መቆጣት ጀመረና ተወው፤ ቀጣዩን ደብዳቤ በሐሳቡ መጻፍ ጀመረ።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የተፈረመ ዕለት ግን አጋሮ፣ ቅምሻው ክፍል ውስጥ፣ እትዬ ብርሃንነሽ ከስማቸው በታች ክፍት ቦታ ትተው ወረቀቱን ወደ ሬድዋን ገፉት።

"ምን ልጻፍ እትዬ?"

"ስምህን። ከሥሩም ቡና ቀማሽ በል።"

ሬድዋን እስክሪብቶውን አነሳ። ከዚያ ስሙን በሚያምር ፊደል ጻፈ፤ ሥሩም የነገሩትን ጨመረ።